የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምክር ቤት የማን ነው?

በ1992 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫ ዋዜማ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል እጩ ሆነው የቀረቡ የተወሰኑ ሰዎች ስማቸው ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ወንጀል ስለሠሩ አይደለም። ዕድሜያቸው ስላልደረሰም አይደለም። የተሰረዙት ሊወከሉበት የፈለጉትን አካባቢ ቋንቋ አያውቁም ተብለው ነው። ሰዎቹ በክልሉ የሚኖሩ የአማራ፣ የኦሮሞና የሌሎች ብሔሮች ተወላጆች ነበሩ። አማርኛ ይናገራሉ። አማርኛ ደግሞ የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው፤ ደብዳቤው የሚጻፈውም፣ ስብሰባው የሚመራውም በእሱ ነው።

ታዲያ ማን ልክ ነው? «እዚህ እኖራለሁ፣ ግብር እከፍላለሁ፣ ለምን አልመረጥም?» የሚለው ሰው? ወይስ «ይህ ምክር ቤት የተቋቋመው ለዘመናት ድምፅ ላጣነው ለእኛ ነው፤ ቋንቋችንን እንኳ የማያውቅ ሰው እንዴት ይወክለናል?» የሚለው? ሁለቱም ወገኖች ሕገ መንግሥቱን ገልጠው የሚያሳዩት አንቀጽ ነበራቸው። ጉዳዩ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ እስኪወሰን ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ውሳኔው ምን እንደነበር ኋላ እንደርስበታለን። መጀመሪያ ግን ነገሩ እንዴት እዚህ ደረሰ የሚለውን እንይ፤ ምክንያቱም የአንድን ምክር ቤት ወንበር ማን እንደያዘው ለማወቅ ወንበሩ ራሱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንድ ክልል፣ ብዙ ቋንቋ

የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወደ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሱዳን ድንበር ሳትርቅ ትገኛለች። ክልሉ 50 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ዓባይ ለሁለት ከፍሎት ያልፋል፤ በስተ ደቡብ አሶሳና ካማሺ፣ በስተ ሰሜን መተከል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያረፈው በዚሁ በመተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ ነው። በደቡብ ጫፍ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ አለ።

የክልሉ ሕገ መንግሥት በስም የሚጠራቸው አምስት ነባር ብሔረሰቦች አሉ፦ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ። እዚህ ላይ የቋንቋ ተመራማሪዎችን የሚያስደስት፣ የምክር ቤት ጸሐፊዎችን ደግሞ የሚያስጨንቅ አንድ ነገር አለ። አምስቱ ቋንቋዎች እርስ በርስ አይግባቡም። ይህ ብቻ አይደለም፤ ከአንድ ቤተሰብ እንኳ አይደሉም። የበርታ፣ የጉሙዝና የኮሞ ቋንቋዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመደቡት ናይሎ ሳህራዊ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ነው። የሺናሻና የማኦ ቋንቋዎች ግን ኦሞአዊ ናቸው፤ ዘመዶቻቸውን ከፈለጋችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ከፋ መሄድ አለባችሁ። በዚህ ላይ ሴማዊው አማርኛና ኩሻዊው ኦሮምኛ ሲጨመሩበት በአንድ ክልል ውስጥ ከአንድ አህጉር የማይተናነስ የቋንቋ ስብጥር ይገኛል። በርታኛ ተናጋሪውና ሺናሽኛ ተናጋሪው በምክር ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊነጋገሩ የሚችሉት በሦስተኛ ቋንቋ ነው። አማርኛ የሥራ ቋንቋ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ነጥብ ያዙት፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ከሼኮቹ እስከ ሸንጎው

«ቤኒሻንጉል» የሚለው ስም ከምክር ቤቱ በብዙ ይቀድማል። መነሻው «ቤላ ሻንጉል» ነው ይባላል፤ ቤላ በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢው በወርቁ የታወቀ፣ በሼኮች የሚተዳደር ምድር ነበር። ከሼኮቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የአሶሳው ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ጦር ይዘው ዘምተው አካባቢውን ለአፄ ምኒልክ አስገበሩ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ደግሞ ምኒልክና እንግሊዞች በተፈራረሙት የድንበር ውል ቤኒሻንጉል በኢትዮጵያ በኩል መሆኑ ጸደቀ። ሼክ ሆጀሌ አዲስ አበባም ቤት ነበራቸው። የአዲስ አበባ ልጆች «ሽጎሌ» የምትሉት ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው፤ «ሼክ ሆጀሌ» ሲፈጥን «ሽጎሌ» ሆነ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት አካባቢው የራሱ የሆነ አንድ የአስተዳደር ስም አልነበረውም። አሶሳ የወለጋ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበር፤ መተከል ደግሞ የጎጃም። ገዢዎቹ ከላይ ይሾማሉ፤ ሕዝቡን ጠይቆ የሚሾም አልነበረም።

ደርግ ሲመጣ የገበሬ ማኅበርና ቀበሌ ተቋቋመ፤ ለአካባቢው ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ሰፈራ ነው። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ መንግሥት ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከሌሎችም ቦታዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ አሶሳና ወደ መተከል አጓጓዘ። በመተከል በለስ ወንዝ ሸለቆ፣ ፓዌ ላይ፣ በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተከፈተ። አብዛኛው ሰፋሪ ወድዶ አልመጣም፤ ረሃብ ወይም ካድሬ ነድቶት እንጂ። ጉሙዞችም መሬታቸው ለዚህ ሲከለል የጠየቃቸው የለም። ልብ በሉ፦ ከሁለቱም ወገን ማንም አልተጠየቀም። የሚጠየቅበት ምክር ቤት ቢኖር ኖሮ ምን ይወሰን ነበር? አይታወቅም። የዛሬው ጭቅጭቅ ግን ግማሽ ሥሩ እዚያ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

በ1979 የወጣው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ብሔራዊ ሸንጎ አቋቋመ። ከዚያ በተከተለው የአስተዳደር ለውጥ አሶሳና መተከል እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አስተዳደር አካባቢዎች ሆኑ። ካርታው ግን ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተቀደደ።

ክልል 6

ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. የሽግግሩ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ብሔራዊ ክልላዊ መስተዳድሮች አዋቀረ። ስድስተኛው የአሁኑ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው፤ ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ «ክልል 6» የሚሉት ለዚህ ነው። ትናንት በወለጋና በጎጃም ሥር የነበሩ ሁለት ምድሮች በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ፤ በመካከላቸው ዓባይ፣ የሚያገናኛቸው መንገድ ደግሞ እምብዛም። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ክልሉን ከዘጠኙ አባላት አንዱ አደረገው።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ መጣን። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 መሠረት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት ነው። አባላቱ ለአምስት ዓመት ይመረጣሉ። ሕግ ያወጣሉ፣ በጀት ያጸድቃሉ፣ ከመካከላቸው ርዕሰ መስተዳድሩን ይሰይማሉ። በ2013ቱ ምርጫ የተቀመጠው የወንበር ቁጥር 99 ነበር። ክልሉ ለፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከሚልካቸው 9 ተወካዮች ጋር አታምታቱት፤ ያ ሌላ ቤት ነው። ከክልሉ በታች ወረዳዎችም ቀበሌዎችም የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው።

የክልሉ ሕገ መንግሥት አምስቱን ብሔረሰቦች ሲጠራ የሚጠቀምበት ቃል «የክልሉ ባለቤት» የሚል ነው። ሌሎች ነዋሪዎችም መኖራቸውንና መብታቸውን ያውቃል፤ ባለቤት ግን አይላቸውም። «ባለቤት» በአማርኛ ከባድ ቃል ነው፤ የቤቱም ጌታ ባለቤት ነው፣ ባልም ሚስትም ባለቤት ናቸው፣ የዓረፍተ ነገሩም ጌታ ባለቤት ይባላል። ባለቤት ካለ እንግዳ አለ ማለት ነው። አሶሳ ወይም ፓዌ ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ ያደገ የሰፋሪ የልጅ ልጅ ራሱን ከየትኛው ይመድብ? ሕጉ «እንግዳ» አላለውም፤ ቃሉ ግን የሚያሰማው ድምፅ አለ።

ቁጥሩን እንየው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ክልሉ ወደ 784 ሺህ ሕዝብ ነበረው። ከዚህ ውስጥ በርታ 26 በመቶ ገደማ፣ አማራ 21 በመቶ፣ ጉሙዝ 21 በመቶ፣ ኦሮሞ 13 በመቶ፣ ሺናሻ 7.6 በመቶ፣ አገው 4 በመቶ ነበሩ፤ ማኦና ኮሞ ተደምረው ከ3 በመቶ አይበልጡም። ስትደምሩት አምስቱ ነባር ብሔረሰቦች ከግማሽ ትንሽ አለፍ ይላሉ። ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ነዋሪ ከእነሱ ውጭ ነው። በሌላ አነጋገር በክልሉ ብቻውን አብላጫ የሆነ አንድም ብሔር የለም።

አንድ ሕዝብ፣ ሦስት ምክር ቤት

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ብዙ ሰው ምክር ቤት የሕዝቡ መስታወት ይመስለዋል፤ 40 በመቶ የሆነ ወገን 40 በመቶ ወንበር ያገኛል ብሎ ያስባል። በእኛ አገር የምርጫ ሥርዓት ግን እንዲህ አይደለም። በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ እጩዎች የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ የተሸናፊው ድምፅ እዚያው ይቀራል።

500 መራጮች ያሉበት አንድ የፈጠራ አካባቢ አስቡ። 300ዎቹ «ቀይ»፣ 200ዎቹ «ሰማያዊ» የሚመርጡ ናቸው። አካባቢው ባለ 100 መራጭ አምስት የምርጫ ክልል ሆኖ ተከፋፍሏል፤ ወንበሩም አምስት ነው። ሰማያዊዎቹ በሁሉም ቦታ እኩል ተበታትነው በየምርጫ ክልሉ 40 ቢሆኑ ቀይ በየቦታው 60 ለ40 ያሸንፋል፦ 5 ለ0። ሰማያዊዎቹ በሁለት ሰፈር ተሰብስበው የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ሙሉ በሙሉ ይወስዳሉ፦ 3 ለ2። አሁን መስመሩን ሌላ ሰው ያስምረው፤ ሰማያዊዎቹ በሦስቱ የምርጫ ክልሎች 55፣ 55፣ 55፣ በአራተኛው 35፣ በአምስተኛው ዜሮ ይሁኑ። ድምሩ ያው 200 ነው። ውጤቱ ግን ሰማያዊ 3፣ ቀይ 2! በቁጥር ያነሰው ወገን ምክር ቤቱን ያዘ። አንድም ሰው ሐሳቡን አልቀየረም፣ አንድም ድምፅ አልተሰረቀም።

አሁን ይህን ሒሳብ ወደ አሶሳ ውሰዱት። ነባሩ ብሔረሰብ «በገዛ ክልሌ በምርጫ ልሸነፍ እችላለሁ» ብሎ ቢሰጋ ሒሳቡ ይደግፈዋል። የሌላው ብሔር ተወላጅ «ተበታትኜ ስለምኖር አንድም ወንበር ላላገኝ እችላለሁ» ብሎ ቢሰጋም ሒሳቡ ይደግፈዋል። የሁለቱም ስጋት እውነተኛ ስጋት ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ በ«አንተ ክፉ፣ እኔ ደግ» የማይፈታው።

የቋንቋው ክርክር

ወደ ተሰረዙት እጩዎች እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 111፣ አንቀጽ 38 አንድ እጩ የሚወዳደርበትን ክልል ወይም አካባቢ ቋንቋ ማወቅ አለበት ይላል። ምርጫ ቦርድ እጩዎቹን የሰረዘው በዚህ ነው። እነሱ ደግሞ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ገለጡ። የእሱም አንቀጽ 38 ነው፤ አጋጣሚው ይገርማል። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በቋንቋ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በሌላም ልዩነት ሳይደረግበት የመምረጥና የመመረጥ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 38 ከአንቀጽ 38 ጋር ተፋጠጠ።

በብዙ አገር እንዲህ ያለውን የሚፈታው ፍርድ ቤት ነው። በእኛ አገር ግን ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ማለትም የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት ቤት። የሕግ ባለሙያዎች ያሉበት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያማክረዋል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የምክር ቤቱ ነው። አቤቱታው ለምክር ቤቱ ቀረበ።

አጣሪ ጉባኤው የቋንቋው መስፈርት ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል የሚል አስተያየት ሰጠ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ሌላ መንገድ መረጠ። ቋንቋ መጠየቁ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም አለ፤ ምክንያቱም በምክር ቤቱ ቋንቋ መከራከር የማይችል ተወካይ የመረጠውን ሕዝብ አይጠቅምም። ግን የትኛው ቋንቋ? ምክር ቤቱ የሚሠራበት። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይህ አማርኛ ነው። ስለዚህ አማርኛ የሚያውቀውን እጩ የበርታን ቋንቋ አታውቅም ብሎ መሰረዝ ስሕተት ነበር ተባለ።

ዳኝነቱን ስታዩት ብልህ ይመስላል፤ ሕጉን አላፈረሰም፣ እጩዎቹንም አልጣለም። ለእኔ ግን ሁለት ነገር ይቆረቁረኛል። አንደኛ፣ ውሳኔው ሲመጣ በ1992 የተመረጠው ምክር ቤት ከዘመኑ ግማሽ ያህሉን ጨርሷል፤ የተሰረዙት ሰዎች ተፈረደላቸው እንጂ ወንበር አላገኙም። ሁለተኛ፣ የመስፈርቱ ሌላኛው ጫፍ ብዙ አልተነገረለትም። ኮሞኛ ብቻ የሚናገሩ አንዲት እናት መንደራቸውን ማንም ባያውቀው እሳቸው ቢያውቁትም፣ አማርኛ ካልቻሉ እጩ መሆን አይችሉም። በሩ ለአንዱ ሲከፈት ለሌላው መከፈቱ በዚህ ውሳኔ አልተረጋገጠም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የምርጫ ሕግም የውሳኔውን መስመር ተከትሎ «የሥራ ቋንቋ» አለ።

ሌሎችስ እንዴት አደረጉ?

በእንግሊዝ አገር «ቦሮ» የሚባል የአካባቢ አስተዳደር አለ (ሺናሻዎች ራሳቸውን ከሚጠሩበት «ቦሮ» ጋር በድምፅ ካልሆነ በስተቀር ዝምድና የለውም)። የዛሬዎቹ አብዛኞቹ የቦሮ ምክር ቤቶች ቅርጻቸውን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣና በ1974 በሥራ ላይ በዋለ ሕግ ነው። እጩ ለመሆን 18 ዓመት መሙላትና በአካባቢው በመራጭነት መመዝገብ፣ ወይም ላለፉት 12 ወራት እዚያው መኖር ወይም መሥራት ይበቃል። የቋንቋ ፈተና የለም። የምክር ቤቱ አሰላለፍ የሚነገረው በፓርቲ ብቻ ነው፤ ወግ አጥባቂ ይህን ያህል፣ ሌበር ይህን ያህል ተብሎ። ማንም ከግማሽ በላይ ካላገኘ ወይ ይጣመራሉ፣ ወይ ባነሰ ቁጥር ይመራሉ። ቀላል ነው፤ ቀላል የሆነው ግን አንድ ቦሮ የተቋቋመው የአንድን ብሔር ታሪክ ለመካስ ስላልሆነ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርቡት ወንበር ለይተው ያስቀመጡት ናቸው። ኒውዚላንድ ለነባሮቹ ማኦሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ በፓርላማዋ የተለየ ወንበር ሰጥታለች። የብራሰልስ ክልል ምክር ቤት ካሉት 89 ወንበሮች 72ቱ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች፣ 17ቱ የደች ተናጋሪዎች ናቸው፤ ቁጥሩ በሕግ የታሰረ ነው። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ሐረር አለችላችሁ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤት 36 ወንበሮች ሲኖሩት 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ እነዚህን የሚመርጡት ሐረሪዎች ብቻ ናቸው፣ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩትም ጭምር። 22ቱን ግን የክልሉ ነዋሪ ሁሉ ይመርጣል። የነባሩ ድምፅ እንዳይዋጥ ዋስትና አለው፤ ሌላውም ነዋሪ የሚወዳደርበት ወንበር አለው። እርግጥ ይህም ዋጋ አለው፤ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ድምፅ ይከብዳል።

ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ብሔረሰቦች ተመሳሳይ ዋስትና ያለው በፌዴራል ደረጃ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔረሰብ፣ ቢያንስም ቢበዛም፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወኪል አለው። በ1999 ቆጠራ ከ10 ሺህ በታች የነበሩት ኮሞዎች አንድ ወንበር አላቸው ማለት ነው። ትልልቆቹ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ይጨምራሉ።

ፓርቲዎቹና ጠመንጃው

በፓርቲ በኩል ታሪኩ አጭር ነው፤ ለረጅም ጊዜ አንድ ገዢ ነበረ። ክልሉን የመራው ድርጅት ስሙን እየቀያየረ መጥቶ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ሆነ። የኢሕአዴግ አባል ሳይሆን «አጋር» ነበር፤ አገሪቱን በሚመራው ግንባር ውስጥ የመወሰን ድምፅ አልነበረውም። በ1997 ምርጫ ተቃዋሚዎች በክልሉ ምክር ቤት ጥቂት ወንበር አገኙ። በ2007 ግን የፌዴራሉ ፓርላማ 547 ወንበሮች በሙሉ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ዘጠኙን ጨምሮ፣ በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። በ2012 ዓ.ም. የክልሉ ፓርቲ ከሌሎች አጋሮች ጋር ብልጽግና ውስጥ ገባ።

ምክር ቤት ውስጥ ያልተፈታው ጥያቄ ግን ሜዳ ላይ ወጣ። መተከል ውስጥ ግጭቱ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እየከፋ ሄዶ በታኅሣሥ 2013 በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ብዙ ሺህ ሕዝብ ተፈናቀለ። ከሞቱትና ከተፈናቀሉት መካከል ጉሙዝም፣ አማራም፣ ሺናሻም፣ አገውም፣ ኦሮሞም አሉ። ሰኔ 14 ቀን 2013 አገሪቱ ስድስተኛውን ጠቅላላ ምርጫ ስታካሂድ በመተከልና በካማሺ በጸጥታ ምክንያት ድምፅ አልተሰጠም። በ2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥትና ታጥቆ የነበረው የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። የቀረው ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት ከሁለት ቀን ዘግይቶ።

የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ይህ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ብቻ ሳይሆን የአገሪቱ ሁሉ ጉዳይ ነው። የወፍጮ ቤቱን ፈቃድ፣ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ፣ የግጦሹን ድንበር የሚመለከተው ወረዳ ነው፤ በዓባይ ማዶ ለምትኖር ቀበሌ አሶሳ ያለው ምክር ቤት ሩቅ ነው፣ ወረዳው ግን ቅርብ። የአካባቢ ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ በሚያዝያ 2000፣ ከዚያም በሚያዝያ 2005 ተካሄደ። በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዘመ፤ ይህ ጽሑፍ እስከተጻፈበት ጊዜ ድረስም አልተካሄደም። የመራጭ ዕድሜ 18 ነው። ቀንሱት፦ ከ1987 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ፣ ማለትም ከሕገ መንግሥቱ የሚያንስ ማንኛውም የአሶሳ ወጣት፣ ለወረዳው ምክር ቤት አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም።